ለህይወት እንድጽፍላት የጠየቅሽኝ የድጋፍ ደብዳቤ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ታናሽ እህቴ ለሕሊና ወልደ ዮሐንስ፣ ካለሽበት ኬፕ ታውን።

አገሩ እንዴት ይዞሻል እህቴ? ደረትሽንስ ተወት አደረገሽ ወይስ የባሕሩ ነፋስ አሁንም ያስልሻል? እንቅልፍ ትተኛለሽ? ምግብ ይበላልሻል ወይስ እንደ ልማድሽ ዳቦ እየገመጥሽ መጽሐፍ ላይ ተደፍተሽ ትውያለሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም አለን። እናታችን ጉልበቷን ያማታል እንጂ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ስለምትወስድ የደም ግፊቷ ጥሩ ነው። ወንድማችን ቂርቆስ በቆሎውን ሰብስቦ ጨርሷል፤ ጤፉን ሊያጭድ ነው። ዘንድሮ ዝናቡም አልከፋም። ከዚህ ቀጥሎ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም ብሎ መጻፍ ደንብ ነው፤ እኔም ልጽፈው እስክሪብቶዬን አንስቼ ነበር። ግን ውሸት ሆነብኝ። ጎድሎብኛል፤ ይህን ሁሉ ወረቀት የያዝኩትም ስለ እሱ ነው።

በስልክ አይነገርም ወይ እንዳትይኝ። በቴሌግራም ብጽፍልሽ ቀይ ልብ ልከሽ ታልፊኛለሽ፤ ብደውል ደግሞ ወይ ኔትወርኩ ይቆረጣል ወይ አንቺ ስብሰባ ልገባ ነው ትያለሽ። የቂርቆስ ጓደኛ ስመኘው ለአባቱ ተዝካር መጥቶ ሰንብቶ ወደ እናንተ አገር ተመላሽ ስለሆነ በእጁ ልኬልሻለሁ። ወረቀት መሃል ገብተሽ አታቋርጪውም። ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርሽ። ቀንቻለሁ። በህይወት ቀንቻለሁ፣ ባንቺም ቀንቻለሁ። ትልቅ እህት በታናሿ ስትቀና ነውር ነው፤ እኔም ነውርነቱን አላጣሁትም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ግን ቅናት እንደ ቃር ነው ለካ። ምሳ በልቼ ስነሳ ይመጣል፤ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ቆሜ ይመጣል። ተማሪዎቼ ዛሬ ቲቸር አሟታል ይላሉ።

ከመጀመሪያው ልነሳ፤ አንቺ ከማዶ ሆነሽ ያየሽውና እኔ እዚህ ሆኜ ያየሁት ሳይለያይ አይቀርም። ዓመት ሊሆነው ነው፤ ደውለሽ የጥቁር ሕዝቦችን ሥነ ጽሑፍ ከያለበት የሚያሰባስብ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መሥራት ጀምሬያለሁ አልሽኝ። ጥናትሽም ሰው አገሩን ጥሎ ሲሄድ ቤት ስለሚቀሩ ሴቶች እንደሆነ ነገርሽኝ። የሴኔጋሉ አለ፣ የጃማይካው አለ፣ የብራዚሉ አለ፣ የእኛ ግን የለም አልሽ። የአማርኛ ልብ ወለዶችን እያነበበ መለያ የሚሰጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ካንቺ የተሻለ ማን አለ አልሽኝ። እኔ ያን ቀን ስልኩን ይዤ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ ሥነ ጽሑፍን ለፈተና ከማዘጋጀት በቀር ለሌላ ነገር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ካንቺ የተሻለ ማን አለ ያልሽውን ለቂርቆስም፣ ለእናታችንም፣ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርም ነገርኩ። ያልነገርኩት ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መንገዱ ክፍት ሲሆን ከፍኖተ ሰላም ሚኒባስ እየተሳፈርኩ፣ በማንኩሳ በኩል ቡሬ እወርዳለሁ። ከመናኸሪያ እስከ ዩኒቨርሲቲው ካምፓስ በባጃጅ ነው። ህይወትን እዚያ አገኘኋት። የሽንዲ ልጅ ናት፤ በካምፓሱ ቤተ መጻሕፍት የኮምፒዩተሩን ክፍል የምትይዘው እሷ ናት። አንቺ ነሽ አብራችሁ ሥሩ ያልሽን። ጣቷ ፈጣን ነው፣ ሳቋም ቅርብ ነው። የማያስጠላ ሰው መሆኗ ነው ነገሩን ያከፋብኝ፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ በምክንያት እጠላት ነበር።

ሥራውን መጀመሪያ ያሳየችኝን ቀን አልረሳውም። አንድ ቃል ትጽፊያለሽ፤ ያ ቃል ያለበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ከየመጽሐፉ እየወጣ ከላይ እስከ ታች ይደረደርልሻል። እኔ ደጃፍ ብዬ ጻፍኩ፤ ህይወት በሌሎቹ ቋንቋዎች ያለውን አቻውን ጨመረችበት። ወዲያው የዓለም ሴቶች ሁሉ በየደጃፋቸው ቆመው መጡ። የሴኔጋል ዳካሯ፣ የብራዚል ባሕያዋ፣ የኛዋ የዳሞቷ አንዷ ከሌላዋ ሥር። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለህይወት ግን ስክሪኑ ነው አልኳት።

እነዚያን ዓረፍተ ነገሮች አትሜ ቤት ይዣቸው ገባሁና በእርሳስ እያሰመርኩ ማንበብ ያዝኩ። ክረምቱን በሙሉ አነበብኩ። አንድ ነገር ገባኝ፤ የሚጠብቁት ሴቶች እጃቸው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ወይ ጥጥ ይፈትላሉ፣ ወይ ባቄላ ይፈለፍላሉ፣ ወይ የሰው ልብስ ያጥባሉ። ደራሲው ዓይናቸውን መንገድ ላይ ሲያደርገው እጃቸውን ሥራ ያስይዘዋል። ይህን በድምፅ ስልክልሽ "ዋው እትዬ" አልሽኝ። ህይወት ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ ወስዳ፣ ጠዋት ጀምራ ምሳ ሳንበላ፣ የትኛው አገር ሴት በየትኛው ሥራ እንደምትጠብቅ በካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ አወጣችው። ቀለም ሁሉ አለው። ያን ዕለት ግን ለእሷ የላክሽላትን የድምፅ መልእክት ሰምቼዋለሁ፤ እሷ ምንም አትደብቅም፣ ጮክ አድርጋ ነው የምትከፍተው። ረጅም ነው። ትስቂያለሽ፣ ትጠይቂያለሽ፣ ያስተማረሽን ፕሮፌሰር ታሚያለሽ። መጨረሻው ላይ "የኔ እህት፣ ባንቺ እኮ ነው ሥራዬ የቆመው" አልሻት። ለእኔ የምትልኪው ደህና ነሽ፣ እማዬስ፣ መድኃኒቷን ወሰደች ወይ፣ ይኸው ነው። ወደ ቤት ስመለስ እስከ ማንኩሳ ድረስ በመስኮት እያየሁ ሄድኩ፤ ምን እንዳየሁ ብትጠይቂኝ አላውቀውም።

ከዚያ የመልኩ ጉዳይ መጣ። መለያ የምንሰጥበት ገጽ ላይ ስለ እያንዳንዷ ሴት የሚሞላ ቦታ አለ፤ ዕድሜዋ፣ ሥራዋ፣ ማን ጥሏት እንደሄደ። ከእነዚያ አንዱ "ጥቁር ናት?" ይላል። እናንተ እዚያ ምን ለማለት እንደፈለጋችሁ አሁን ይገባኛል። ለእኛ ግን የተጠየቅነው መልኳን ነው። ደራሲው ጠይም ካላት አይደለችም ብለን ሞላን፤ ቀይ ዳማ ካላትማ ጥያቄም የለው። አንዷን ደራሲው መልኳን ሳይገልጽ ቢያልፋት፣ ከእናቷ መልክ ተነስተን ምን ትሆን ብለን እኔና ህይወት ግማሽ ቀን ተከራከርን። እንዲህ ተጠንቅቀን ነው የሠራነው። አንድ ቅዳሜ ደወልሽልን፤ ኮምፒዩተሩን ጥቁር ሴቶች ያሉባቸውን መጻሕፍት አውጣ ብትዪው የአማርኛው ድራሹ ጠፍቶ አንድ መጽሐፍ ብቻ መጣልሽ። ማን አጠፋብኝ ብለሽ ጮኽሽ። ህይወት ነገሩ ሲገባት ወንበሯን ይዛ ሳቀች፤ እኔም፣ ኋላም አንቺ። ማታ ለእናታችን ነግሬ አንቺስ ብትሆኚ ምን ተብለሽ ትመዘገቢያለሽ አልኳት። እሷ ጠይም እንደሆነች፣ ጥቁርስ አባታችን እንደነበሩ ቅር ብሏት ነገረችኝ።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ህይወት በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም አዎ ልታደርገው እጇን ዘርግታ ነበር። ቆይ ያልኳት እኔ ነኝ። ደራሲው ጠይም ያላትን ጠይምነቷን ብናጠፋባት እኛ እርስ በርሳችን የምንተያይበትን ዓይን ማጥፋታችን ነው አልኳት። ሁለት ቦታ ይሁን፤ በአንዱ ደራሲው በገዛ ቃሉ ያላት እንዳለ ይግባ፣ በሌላው የየትኛው ሕዝብ እንደሆነች ይጻፍ አልኩ። የሴኔጋሉም የብራዚሉም እኮ የራሱ የመልክ ቃል አያጣም፣ እነሱም ያስገቡ አልኩ። ህይወት በእንግሊዝኛ አሳምራ ጻፈችውና ከእሷ አድራሻ ላከችልሽ። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገጽ የምገባበት የእኔ አድራሻ የማረጋገጫ ቁጥር በስልክ ይላካል እያለ ቁጥሩ ሳይመጣ ስለቀረ፣ የሠራሁትን ሁሉ በእሷ በኩል እንደማስገባ ታውቂያለሽ። ታውቂያለሽ ብዬ ነበር እንግዲህ።

በጥቅምት ንግግር ያደረግሽ ዕለት ቡሬ ሄጄ ከህይወት ጎን ተቀምጬ በኮምፒዩተሩ አየሁሽ። ነጠላሽን እንደ ስካርፍ ጣል አድርገሽዋል፤ አምሮብሻል። አዳራሹ ሞልቷል። የሁለቱን ቦታ ነገር ስታነሺ ወንበሬን ወደ ስክሪኑ አስጠጋሁ። አሁን የመላው ቤተ መጻሕፍት አሠራር ሆኗል አልሽ፤ ከዚያ "ይህን ያመጣችልን የቡሬዋ ባልደረባችን ህይወት ናት" አልሽ። ሰው አጨበጨበ። ህይወት ደነገጠች፤ የእትዬ አምለሰት ሐሳብ ነው ብላ ከታች መጻፍ ስትጀምር መብራቱ ጠፋ። እኔ ደግሞ ግድ የለም አልኳት። ግድ ነበረኝ። አንጀቴ አረረ ሕሊና። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ፣ መጀመሪያ ያነበብሽውን ልብ ወለድ ያመጣሁልሽ እኔ፣ የእኔን ሐሳብ ከሌላ ሰው ሐሳብ መለየት አቃተሽ? አንድ ዓረፍተ ነገር ሰምተሽ ይህ የእህቴ ነው አትዪም?

ይህንንም ልውጠው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ደወልሽ። ቤተ መጻሕፍቱ ከቡሬ አንድ ሰው ለአንድ ዓመት ወደ ኬፕ ታውን ሊያስመጣ እንደሆነ፣ እዚያው ሆኖ የአማርኛውን ክፍል እንደሚያደራጅ ነገርሽኝ። ምን እንደሚያስፈልግ ልጽፍ እስክሪብቶ አነሳሁ። ከዚያ ህይወት ብትመጣ ጥሩ ነው፣ አንቺ አብረሻት ስለሠራሽ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፊላት አልሽኝ። ቀጥለሽም "አንቺማ ከእማዬ ጋር ነሽ" አልሽ፤ ውጪ ዘንቧል እንደሚባለው፣ እንዲሁ። እሺ ብዬ ዘጋሁት።

ተናደሽብኝ ቢሆን፣ አትችይም ብለሽኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አንቺ ግን አላሰብሽኝም። ቤት የሚቀሩ ሴቶችን ከየአህጉሩ እየፈለግሽ፣ ምን ተሰማቸው፣ ምን አሉ፣ ምን ሳይሉ ቀሩ እያልሽ ገጽ በገጽ ትመረምሪያለሽ፤ አንዷ በስልኩ ማዶ ሆና ስትሰማሽ መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ ማለት አልመጣልሽም። አባታችን ያረፉ ጊዜ ከባሕር ዳር ዝውውር ጠይቄ የተመለስኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ አንቺ መማር ነበረብሽ፣ እኔም ወድጄ ነው። ማንም አላስገደደኝም። ወድጄ አንድ ጊዜ መቅረቴን ግን አንቺ ዕድሜ ልኬን አደረግሽው።

ቅዳሜ ዕለት ለህይወት ነገርኳት፤ ልደብቃት አልቻልኩም። እንድጽፍልሽ ተጠይቄያለሁ፣ እጽፍልሻለሁ አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን "እትዬ፣ እርስዎ ለምን አይወዳደሩም?" አለችኝ። ይህን ጥያቄ ከአንቺ ስጠብቅ ከሽንዲ ልጅ ሰማሁት፤ ያኔ ነው ቅናቴ ከእሷ ላይ ተነስቶ ወዳንቺ የዞረው። እሷም የምትወዳደር መሆኗን አልሸሸገችኝም፤ እኔም መሄድ እፈልጋለሁ፣ ግን እርስዎን አልፌ ቢሆን ደስ አይለኝም አለች።

እናም የሆነውን ልንገርሽ። የህይወትን የድጋፍ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። እጄ እየከበደኝ ቢሆንም እውነቱን ነው የጻፍኩት፤ ፈጣን ናት፣ ሐቀኛ ናት፣ ያልገባትን ትጠይቃለች ብያለሁ። ቅናቴን አልጨመርኩበትም፤ እሱ ለዚህ ደብዳቤ ነው የቀረው። በዚያው ቀን የራሴንም ማመልከቻ አስገባሁ። ዲግሪዬን ስካን ያደረገችልኝ ህይወት ናት፤ አድራሻውንም እስከ ምሽት ድረስ ታግላ ከፈተችልኝ፤ ቁጥሩ በመጨረሻ መጣ። በእሷ ማመልከቻ ላይ የሁለቱ ቦታ ሐሳብ የእኔ መሆኑን ሳልጠይቃት ጽፋዋለች።

ካንቺ የምፈልገው ይህን ነው። አታድዪልኝ። እህቷ ናት ብለው ስለሚያሙሽ ከምርጫው ውጪ ሁኚ። ነገር ግን ያን በአዳራሽ ያልሽውን ነገር በዚያው አዳራሽ ለነበሩት አስተካክለሽ ንገሪያቸው፤ የእኔ የሆነው የእኔ ይባል። እነሱ ህይወትን ቢመርጡ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ይዤ እሸኛታለሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ ጥርሴን ነክሼ ነው የምሸኛት፣ እሷም ታውቀዋለች።

እኔ ከተመረጥኩ ደግሞ እማዬን ማን ይይዛል ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። አንቺ ነሽ የምትይዣት። መጽሐፉ ሁሉ ዲጂታል ነው፣ ከየትም ሆኖ ይነበባል፣ ይፈለጋል፣ ይሠራል ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። እንግዲያውስ ከፍኖተ ሰላምም ይሠራል። ሚኒባሱ አለ፣ ባጃጁ አለ፣ የኮምፒዩተሩ ክፍል አለ፤ መብራት ሲጠፋ ከውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ ትጠብቂያለሽ፣ እኔም እንዲሁ ነው የምጠብቀው። አንድ ዓመት ነው። እናታችንን ስፈራ ስቸር ጠየቅኳት፤ ብሄድ ይከፋሻል ወይ አልኳት። ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሳ "ሕሊናም እኮ የወለድኳት ናት" አለችኝ።

ቂርቆስ በጣም አድርጎ ሰላም ብሎሻል፤ ለስመኘው የሰጠው በርበሬ የማንኩሳ ነው፣ ከሰው ፊት አትፍቺው፣ ያስነጥሳል ብሏል። ባለቤቱ እህተ ማርያም ትስምሻለች፤ ልጃቸው ኪዳነ ማርያም ዘንድሮ ድቁና ሊቀበል ነው፣ አክስቴ ትምጣልኝ ይላል። ህይወት እጅ ነስታለች፤ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ታውቃለች፣ ምን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም። የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ዘሚካኤል በጸሎት አልረሳኋትም በሉልኝ ብለዋል። እናታችን ጉንጭሽን ስማ አትጠግብም። ማን እንደሚመረጥ ገና አልታወቀም፣ ተይው ብላት አልሰማችኝም፤ ያንቺን ፍራሽ ከጓዳ አውጥታ ከትናንት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች።

የምትወድሽ እህትሽ
አምለሰት ወልደ ዮሐንስ

ፍኖተ ሰላም
ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.